ከመቀነት እስከ «ቦርጭ ማጥፊያ»፦ የወሎ ወገብ ታሪክ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሴቶች ልብስ በሚሸጥባቸው ሱቆች በር ላይ አንድ ዕቃ መታየት ከጀመረ ሰንብቷል። ጥቁር ወይም የቆዳ ቀለም ያለው፣ ሲስቡት የሚለጠጥ፣ ሲለቁት የሚሰበሰብ ልብስ ነው። አንዱ ሻጭ «ቦርጭ ማጥፊያ» ይለዋል፣ ሌላው «ቦዲ ሼፐር»፣ ሦስተኛው «የአራስ ቀበቶ»። ገዢዎቹም እንደ ስሙ ይለያያሉ። አንዷ ለሠርግ ቀሚስ ትፈልገዋለች። ሌላዋ ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው። ሦስተኛዋ በኦፕራሲዮን ወልዳ ስፌቷ ገና አልደረቀም። ለሦስቱም የሚሰጠው ዕቃ አንድ ነው፤ ለሦስቱም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው»።

ይህ ምክር ከዕቃው ካርቶን ጋር የመጣ አይደለም። እዚሁ የነበረ ነው። ወሎ ወገብ ማሰርን ከማንም አልተማረም፤ ላስቲኩ ከመምጣቱ በፊት መቀነቱ ነበር። ስለዚህ ስለ ዛሬው ዕቃ በቅጡ ለማውራት ከድሮው መነሳት ያስፈልጋል። ከአያቶች የተወረሰው ልማድ ውስጥ የቱ እውቀት ነው? የቱስ መከራ የፈጠረው ነገር ነው? ሁለቱን አለመለየት ዛሬ ዋጋ እያስከፈለ ነው።

▪️ ወገብ በአማርኛ

አማርኛ ለወገብ ትልቅ ቦታ ይሰጣል። ሥራ ሊጀምር የተነሳ ሰው «ወገቡን ታጥቆ ተነሳ» ይባላል። ጦር መሣሪያ «ትጥቅ» የተባለው ከዚሁ ከመታጠቅ ነው፤ የተሸነፈ ወይም የታረቀ ወታደር «ትጥቁን ይፈታል»። ወንዱ በድጉ ወይም በዝናሩ፣ ሴቷ በመቀነቷ ወገባቸውን ያስሩ ነበር። አንድ ሰው ማድረግ የማይፈልገውን ነገር በሰበብ ሲሸሽ ደግሞ «መቀነቴ አደናቀፈኝ» ማለት ነው ይባላል።

መቀነት ከጥጥ የሚሸመን፣ ረጅም፣ ወገብ ላይ ደጋግሞ የሚጠመጠም ጨርቅ ነው። ሥራው ብዙ ነበር። ቀሚሱን ይሰበስባል። የገበያዋ ሳንቲም ጫፉ ላይ ይቋጠራል። እንስራ የተሸከመችና እንጨት ከዳገት የምታወርድ ሴት ጀርባዋን ታደግፍበታለች። በወሎ ደግሞ ይህ ልብስ የሃይማኖት ወሰን አልነበረውም። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ታጥቀውታል፤ በአንድ ቤት ሁለቱ ሃይማኖቶች በሚገኙበት አገር መቀነቱም የጋራ ነበር።

አንድ ነገር ልብ ይባል። መቀነት አይለጠጥም። ያሰረችው ሴት የምታጠብቀውም የምታላላውም በእጇ ነው። ስትጠግብ ታላላዋለች፣ ስትጎነበስ ታስተካክለዋለች፣ ስትተኛ ትፈታዋለች። ልኩ በየሰዓቱ የሚስተካከል ልብስ ነበር። ይህ ባሕርዩ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልጋል።

▪️ የአራስ ወገብ

በብዙ የአካባቢው ቤቶች ሴት ስትወልድ እናቷ ወይም አዋላጇ ወገቧንና ሆዷን በመቀነት ወይም በነጠላ ታስርላት ነበር። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ ይታወቃል፦ «የተፈታው ወገብ ይገጥማል፣ ሆዱ ይሰበሰባል፣ ንፋስ አይገባም»።

ዘመናዊ ሕክምና ይህን ልማድ እንዳለ አይቀበለውም፤ እንዳለም አይጥለውም። በእርግዝና ወራት የሆድ ጡንቻዎች ይለጠጣሉ፣ መሐላቸውም ይከፈታል። ከወሊድ በኋላ በልክ የታሰረ ጨርቅ ለዚህ ደካማ ሆድ ድጋፍ ይሰጣል። ስትነሳ፣ ስትስልና ልጅ ስታነሳ ሕመሙን ሊያቀልላት ይችላል። ጡንቻውን ግን አይገጥምም። ጡንቻ የሚመለሰው በጊዜና ቀስ በቀስ በሚደረግ እንቅስቃሴ ነው።

ልማዱ አደገኛ የሚሆነው በሌላ ቦታ ነው። ወገቧ በደንብ ስለታሰረ ብቻ አራሷ ደህና እንደሆነች ሲታሰብ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል። ከእነዚህ ሞቶች ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ነው። መቀነት የሚፈስ ደም አያቆምም። ከላይ ሲያዩት የተረጋጋች የምትመስል እናት ከታች እየደማች ሊሆን ይችላል።

የሚገርመው፣ ማሰር እናትን ከሞት የሚያተርፍበት መንገድም አለ፤ ግን አሳሰሩ ሌላ ነው። በ1900ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጆርጅ ክራይል የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ደም ግፊቱ የወረደን ታካሚ በአየር በሚነፋ ልብስ ለመጭመቅ ሞከረ። ሐሳቡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ተዋጊ አብራሪዎች ልብስ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ የጠፈር ምርምር ተሸጋገረ። ከዚያ የወጣው የዛሬው ጸረ ሾክ ልብስ አየር አያስፈልገውም። በጠንካራ ማጣበቂያ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ወደ ላይ እየታሰረ እግርንና ሆድን ይጫናል፤ ደሙን ወደ ልብና ወደ አንጎል ይመልሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ደም የሚፈሳት እናት ወደ ሕክምና እስክትደርስ ለጊዜው እንዲጠቀሙበት መክሯል። በኢትዮጵያ ጤና ተቋማትም ይታወቃል። ከገጠር ጤና ጣቢያ እስከ ደሴ ሆስፒታል ያለውን የአምቡላንስ መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ልብስ የሚገዛው ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ልዩነቱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ማሰር ናቸው። አንደኛው የት፣ ከየት ጀምሮ፣ በምን ያህል ጫና፣ እስከ መቼ የሚሉ ጥያቄዎች ተመልሰውለታል። ሌላው «ጠበቅ አድርጊው» ብቻ ነው።

▪️ አንጀት የታሰረበት ዘመን

ወሎ ውስጥ ሆድ የታሰረው ለወሊድ ብቻ አልነበረም። «አንጀቷን በመቀነት አስራ ልጆቿን አሳደገች» የሚለው አባባል ለብዙ አንባቢ የተለመደ የእናቶች ምስጋና ነው። ቃሉ ግን ከምስጋና በፊት እውነት ነበር። የተራበ ሆድ ሲታሰር የረሃቡ ስሜት የሚቀንስ ይመስላል። የሚበላ ሲጠፋ መቀነቱ አንድ ዙር ይጨመርለታል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከሰሜንና ከምሥራቅ የወሎ ወረዳዎች የተሰደደው ሕዝብ ወደ ደሴ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ ቁልቁል ወረደ። መንግሥት ነገሩን ሊሸፍን ቢሞክርም የዩኒቨርሲቲ መምህራን በፎቶግራፍ አጋለጡት። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አቀናብሮ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ከ10 ዓመት በኋላ በኮረም የታየው ረሃብም የወሎ ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያስታውስ ቤተሰብ ውስጥ ያደገች ልጅ ዛሬ ሆዷን ለማጥፋት ገንዘብ ከፍላ መታሰሪያ ትገዛለች። ነገሩን በምጸት ማለፍ ይቀላል፤ ፍርድ መስጠትም ይቀላል። ሁለቱም ተገቢ አይደሉም። የወፈረች ሴት «ደላት» ትባልበት የነበረው ዓይን በአንድ ትውልድ ውስጥ ተለውጧል። ልጅቱ የምትለካበትን ሚዛን እሷ አላመጣችውም። ሆኖም አንድ ውርስ ሳይለወጥ አልፏል፦ ሴት ልጅ ማጥበቅን፣ ማጥበቅንና ዝም ብላ መቻልን እንደ ጥንካሬ የምትቆጥርበት ውርስ። ሲያማት ማላላት ያለባት ሴት «ትንሽ ልቻለው» የምትለው ከዚህ ነው። በረሃብ ዘመን መቻል ነፍስ አድኗል። በስፌት ላይ ግን መቻል ቁስል ያመረቅዛል።

▪️ ከብረት ወደ ላስቲክ

አውሮፓ በዚህ ጉዳይ ለመምህርነት የሚበቃ ታሪክ የላትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች ከዓሣ ነባሪ አፍ የሚወጣ ጠንካራ ዘንግና ብረት የተሰፋበት ኮርሴት እየለበሱ ትንፋሻቸውን አሳጥረዋል። በጊዜው የነበሩ ሐኪሞችና የሴቶች መብት ታጋዮች ተቃውመውታል። የኮርሴትን ዘመን ካሳጠሩት ነገሮች አንዱ ጦርነት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ብረቱ ለጦር ስለተፈለገ ሴቶቿን ኮርሴት መግዛት እንዲያቆሙ ጠየቀች፤ ሴቶቹም ወደ ፋብሪካ ገቡ።

ቀጥሎ የጎማ ዘመን መጣ። በ1958 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ከርዝመቱ ብዙ እጥፍ ተለጥጦ ወደ ቦታው የሚመለስ ክር ሠራ፤ ገበያ ላይ ላይክራ ተባለ። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ ሣራ ብሌክሊ ስፓንክስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመችና ይህን ክር ከቀሚስ ሥር የሚለበስ የዘወትር ልብስ አደረገችው። ዛሬ ደሴ ላይ የሚሸጠው ዕቃ የዚህ ሰንሰለት የመጨረሻ ቀለበት ነው።

በጎን ደግሞ ሌላ ታሪክ ይሄድ ነበር። ኮንራድ ጆብስት የተባለ ጀርመን ተወላጅ መሐንዲስ በአሜሪካ ቶሊዶ ከተማ ይኖር ነበር፤ የእግሩ ደም ሥር ታማሚ ነበር። መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሲቆም እግሩ እንደሚቀለው አስተዋለ። ውኃ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ጫናው ይጨምራል፤ ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሚጫነው ቁርጭምጭሚትን ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጆብስት ይህን ሥርዓት ወደ ካልሲ አመጣው፦ ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በቴክሳስ ጋልቨስተን የተሠራበት ልምድ በቃጠሎ ለተጎዳ ቆዳ ተስፋፋ። በታካሚው ልክ የተሰፋ ጠባብ ልብስ ጠባሳው እንዳያብጥ ለወራት ይለበሳል። የእሳት አደጋ ብዙ ሕፃናትን በሚጎዳባት ኢትዮጵያ፣ በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል የሚታከሙ ሰዎች ይህ ዓይነት ልብስ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያውቁታል።

እንግዲህ ከአንድ ክር ሁለት ነገር ወጣ። አንዱ ቅርጽ ለማሳመር፣ ሌላው ለማዳን። ሱቅ ውስጥ ሲሰቀሉ ይመሳሰላሉ። የቁንጅናው ልብስ ቁጥሩ «ኤም» ወይም «ኤል» ነው፤ ብዙ ጊዜም «ፍሪ ሳይዝ» ይባላል። የሕክምናው ልብስ ጫና እንደ ደም ግፊት በሚሊሜትር ሜርኩሪ ይለካል፤ የሚመረጠውም ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ ወገብና ዳሌ በሜትር ተለክቶ ነው።

▪️ ደሴና ሁለቱ ኅዳሮች

ደሴ ስለ ቁስልና ስለ ፋሻ ከብዙ ከተሞች በላይ ታውቃለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ። የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል የቀይ መስቀል ምልክት እያለበት ተመታ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቀኑ ታኅሣሥ 6 ነበር። ከ86 ዓመት በኋላ በዚያው በአውሮፓውያን ታኅሣሥ 6 ቀን፣ በእኛ ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በጥቅምት በሕወሓት ኃይሎች እጅ የወደቁት ደሴና ኮምቦልቻ መመለሳቸውን መንግሥት አስታወቀ። የተመለሰው ሆስፒታል ግን ተዘርፎ ነበር። መሣሪያ፣ መድኃኒትና አልጋ ሳይቀር የጠፋበት ተቋም እንደገና ሥራ ሲጀምር ፋሻና ማሰሪያ የመጨረሻው ጭንቀት ይመስላል። ለቆሰለው ግን የመጀመሪያው ነው።

የቀዶ ሕክምና ወሊድንም እዚህ ማንሳት ይገባል። በ2016ቱ እ.ኤ.አ. ጥናት በኢትዮጵያ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ልጆች ከመቶ 2 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከመቶ 21 ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጠቅሰው የኖረው ከ10 እስከ 15 ከመቶ ነው። አንዲት አገር ከሁለቱም ጫፍ ሳተች ማለት ነው፤ ገጠሩ ጋ የሚያስፈልጋት ሴት አታገኘውም፣ ከተማ ላይ ቁጥሩ ይንራል። በሆድ ማሰሪያ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ውጤታቸው የተደባለቀ ነው። አንዳንዶቹ ከቀዶ ሕክምና ወሊድ በኋላ ሕመም እንደቀነሰና ቶሎ መራመድ እንዳስቻለ አግኝተዋል፣ ሌሎቹ ብዙ ልዩነት አላዩም። ጉዳቱ ግን ባብዛኛው ከአለመጠቀም ሳይሆን ያለ ልክ ከመጠቀም ይመጣል።

▪️ ልክ ምን ይመስላል?

ለዘወትር ልብስ ብሎ የሚገዛ ሰው ማወቅ ያለበት ቀላል ነው። ጫና ስብ አያቀልጥም። ሲያወልቁት የሚቀንሰው ክብደት ላብ ነው፤ ውኃ ሲጠጡ ይመለሳል። በሜትር ወገብንና ዳሌን ለክቶ ከዕቃው ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት እንጂ አንድ ቁጥር አሳንሶ መግዛት ውጤቱን አይጨምርም። በደንብ መተንፈስ፣ መቀመጥና መጎንበስ ካልቻሉ ጠብቧል። ጠርዙ ተጠቅልሎ ገመድ ከሆነ፣ እግር ከደነዘዘ፣ ቆዳ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ከማሰሪያው በታች ካበጠ ወዲያው ይወልቃል። ቃርና የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ሆዱን ሲያጠብቅ ይብስበታል። ነፍሰ ጡር ሆዷን ለማሳነስ ጨርሶ አታስርም።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚወስነው ሻጭ ሳይሆን ያከመው ሐኪም ነው። ስብ በመምጠጥ ወይም የሆድ ቆዳ በመቁረጥ ለታከመ ሰው ልብሱ ለሳምንታት፣ ሌሊትም ጭምር ሊታዘዝ ይችላል፤ እብጠትንና ከቆዳ ሥር የሚጠራቀም ፈሳሽን ለመቀነስ ነው። በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናት ግን ብዙውን ጊዜ ስትነሳና ስትራመድ የሚደግፋት፣ ስትተኛ የሚፈታ ማሰሪያ ይበቃታል። ስፌቱ በየቀኑ መታየት አለበት። ከቀላ፣ መግል ከያዘ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ከመጣ ማሰሪያው ተፈትቶ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የደም መርጋትን ለመከላከል ከሚረዱ ነገሮች አንዱም ቶሎ ተነስቶ መራመድ ነው፤ ጥብቅ ቀበቶ ታጥቆ መተኛት አይደለም።

የአየሩም ነገር አለ። ደሴ ብርድ ናት፤ ጦሳ ሥር ሁለት ልብስ መደረብ ችግር የለውም። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙቀቱ ሌላ ነው። ያው ላስቲክ ኮምቦልቻ ላይ ቀኑን ሙሉ ከተለበሰ ላብ ይይዛል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ስፌት ያረጥባል። ከሥሩ ስስ የጥጥ ጨርቅ መልበስ፣ ሁለት ይዞ አንዱን እያጠቡ መቀየር ቀላል መፍትሔ ነው።

▪️ 25 ኪሎ ሜትር

ይህን ሁሉ የሚያሳዝነው የመንገዱ ማጠር ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ወይም ጫፍና ጫፉ ላይ ምን አለ? ደሴ ላይ በርካታ ዞኖችን የሚያገለግል ሆስፒታል አለ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪምና አዋላጅ ነርስ ያሠለጥናል። ኮምቦልቻ ላይ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም የጨርቃ ጨርቅና የልብስ ምህንድስና ያስተምራል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ፓርኩ ጦርነቱ ደረሰበት፤ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ዕድል ታገደች። ለውጭ ገበያ ይሰፉ የነበሩ እጆች ሥራ ሲያጡ፣ ከፓርኩ አጥር ውጭ ያለችው እናት ከውጭ የመጣ፣ ልኩ የማይታወቅ ቀበቶ ትገዛለች።

የሚለጠጠው ክር ከጥጥ አይፈተልም፣ ኬሚካል ነው፤ እሱን እዚህ ማምረት ሌላ ጉዳይ ነው ሊባል ይችላል። እውነት ነው። ግን ለቀዶ ሕክምና ወሊድ የሚያስፈልገው ማሰሪያ የግድ ላይክራ አይደለም። ሰፊ የጥጥ ጨርቅ፣ ጥሩ ስፌት፣ በእጅ የሚጠብቅና የሚላላ ማጣበቂያ፣ ሦስት አራት የተለያየ ልክ፣ ከዚያም በአማርኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ይበቃዋል። ወረቀቱ እንዴት እንደሚለካ፣ መቼ እንደሚፈታ፣ የትኛው ምልክት ሲታይ ወደ ሆስፒታል እንደሚሮጥ ይናገራል። አያቶች ይህን ልብስ ያውቁታል። በእጅ የሚስተካከል፣ አየር የሚያስገባ፣ ሲተኙ የሚፈታ መቀነት ነው። የጎደለው ልኩና ወረቀቱ ነው።

ዋናው ወጪ ገንዘብ አይመስልም። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱና ሰፊው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው ነው። ለዚህም ሰበብ አይጠፋም፤ በጀት፣ ጦርነት፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ደብዳቤ። ሰበቦቹ አንዳንዶቹ እውነት ናቸው። ነገር ግን አንጀቷን አስራ ልጅ ላሳደገች የወሎ እናት ልጅ፣ ስፌቷ ሳይደርቅ «ጠበቅ አድርጊው» ከማለት የተሻለ ምክር ሳይሰጡ መቅረት፣ መቀነቴ አደናቀፈኝ ከማለት አይለይም።